የኮታቸው ቀለም

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፋሲል ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምቀመጥበት የጀበና ቡና አለ። በርጩማዎቹ በጣም አጫጭር ናቸው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አንዴ ከተቀመጠ ለመነሳት ደጋፊ ይፈልጋል። ጨዋታው ቶሎ የማያልቀውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ ስደርስ ክርክሩ ተጀምሯል። ፎቶ ቤት ያለው ጎረምሳ ስልኩን እያዞረ ያሳያል። የአባባ ተስፋዬ ፎቶ ነው። ልጆች ከበዋቸው ተቀምጠዋል፤ እሳቸው የሆነ ነገር ያወራሉ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነበር። ልጁ ለአንድ የስልክ አፕ ሰጥቶ ቀለም አስለብሶታል። ኮቱ ሰማያዊ ሆኗል፤ ከረባቱ ቀይ፤ ከኋላ ያለው መጋረጃ አረንጓዴ።

«ትናንት የተነሱ አይመስሉም?» አለ ኮራ ብሎ።

ጡረታ የወጡት መምህርት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ተበላሽቷል» አሉ። «ኮታቸው ቡናማ ነበር።»

«ግራጫ ነው እንጂ!» አለ የባጃጅ ሾፌሩ።

«አንተ ደግሞ ከየት አውቀህ? ስንት ጊዜ ያየኋቸው እኔ።»

«እኔስ የት ነበርኩ እትዬ?»

ባለ ፎቶ ቤቱ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ሾፌሩን አየ። «ቆይ ቆይ» አለ። «ቴሌቪዥናችሁ ባለ ቀለም ነበር እንዴ?»

ጸጥ። ሾፌሩ ሲኒውን አነሳ፤ ባዶ መሆኑን ሲያይ መልሶ አስቀመጠው። መጨረሻ ላይ ሳቅ ያመለጣቸው እትዬ ናቸው።

«ኧረ የምን ባለ ቀለም! የጎረቤት ነበር። እሱም ባለ አራት እግር፣ በር ያለው፣ በቁልፍ የሚቆለፍ። ጥቁርና ነጭ!»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 1957 ነው። አባባ ተስፋዬም ከዚያ ጊዜ አንስቶ የልጆችን ሰዓት ይዘው 42 ዓመት ያህል ቆዩ። ቀለም የመጣው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ጣቢያው ባለ ቀለም ሆነ ማለት ደግሞ ሰው ቤት ያለው ሣጥን ባለ ቀለም ሆነ ማለት አይደለም። እኛ ሰፈር ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት ዓለም ሁሉ ግራጫ ነበር። ግን ማንንም ጠይቁ፣ የኮታቸውን ቀለም ይነግራችኋል። እናቴማ ክሬም ነው ብላ ትምላለች።

እትዬ ልጅነታቸው አዲስ አበባ፣ አክስታቸው ዘንድ ነው። ያን ቀን ነገሩን አንድ በአንድ አወሩልን። ጫማ ደጅ ይወልቃል። እግሩን ያልታጠበ አይገባም። ትንንሾቹ ከፊት ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ ከኋላ ቆመው። የቤቱ እመቤት ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው የሣጥኑን በር ሲከፍቱ ማንም አይተነፍስም። «አባባ ተስፋዬ ጤና ይስጥልኝ ልጆች ሲሉ ሁላችንም ተነስተን እጅ እንነሳ ነበር። የሚያዩን ይመስለን ነበር'ኮ! አንድ ቀን ያልታጠበች ልጅ ከሶፋ ኋላ ተደበቀች፤ እንዳያዩዋት።»

ባለ ፎቶ ቤቱ ይሄን ሁሉ አልደረሰበትም። ፕሮግራሙ ሲቀር ገና ሕፃን ነበር። አባባ ተስፋዬን የሚያውቃቸው በእናቱ ወሬና በተረት መጽሐፋቸው ነው። በ2009 ሐምሌ ላይ ሲያርፉ እናቱ ሲያለቅሱ አይቶ ነው ፎቶአቸውን መሰብሰብ የጀመረው። ስልኩ ውስጥ ብዙ አለ። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወታደሩን ለማዝናናት ኮሪያ ከዘመቱበት ጊዜ ነው የሚባል አለ። ከቴአትር ዘመናቸው ነው የሚባልም አለ፤ ቀሚስና ሻሽ አድርገው፣ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው።

ሾፌሩ ይሄኛውን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ። «ይሄን እንኳ ባታሳይ። የዛሬ ሰው ክፉ ነው፤ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።»

«ምን ትርጉም?» አሉ እትዬ ቱግ ብለው። «ያኔ ሴት መድረክ ላይ አትወጣም። ወንዶቹ ናቸው የሚጫወቱላት። እሳቸውም ይሄን በየቃለ መጠይቁ እየሳቁ ሲያወሩት ነው የኖሩ። እሳቸው ያላፈሩበትን አንተ ልታፍርላቸው ነው?»

ሾፌሩ «እኔ ለክብራቸው ብዬ ነው» ብሎ ዝም አለ። ይህቺ በዚሁ አለፈች።

ወደ ቀለሙ ስንመለስ ልጁ ዘወር ብሎ አጎቱን ለዳኝነት ጠራ። አጎትየው ፎቶ ቤቱን ያወረሱት ሰው ናቸው። እስካሁን ቃል አልተነፈሱም። ቆሎ እየቆረጠሙ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ቀለም መቀባት ነውር ነው?»

«ነውር ከሆነ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነውረኛ ነኝ» አሉ። «ኔጌቲቩ ላይ በእርሳስ ብጉር ስናጠፋ ነው የኖርን። ፎቶው ታጥቦ ሲደርቅ ደግሞ በጥጥ ጉንጭ ላይ ትንሽ ሮዝ፣ ከንፈር ላይ ቀይ። ሙሽራ ከሆነች ወርቁን ቢጫ። አንዷን እንዲያውም ወርቅ ሳይኖራት ሥዬ ሰጥቻታለሁ። እናቷ መርቃኛለች።»

ልጁ እጁን አጨበጨበ። እትዬ ግን አልለቀቁም።

«ሙሽራዋ ፊትህ ቆማለች። ቀሚሷን አይተኸዋል። ይሄ ማሽን ምን አይቶ ነው?»

ጋሼ ቆሎውን አቁመው አሰቡ። «እሱስ ልክ ነው» አሉ። «እኛ እንጠይቅ ነበር። ፖስታው ጀርባ ላይ እንጽፈዋለን። ‹ቀሚስ ሰማያዊ፣ ነጠላ ጥለቱ ቀይ› እያልን። ያልጠየቅነውን አንቀባም ነበር።» ቆየት ብለው ደግሞ «ከወርቁ በቀር» አሉ።

አሁን ልጁ ተከፋ። «እሺ፣ እኔ የማንን ፖስታ ልይ? ማንን ልጠይቅ? እናንተም እኮ አልተስማማችሁም!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእህቴ ልጅ ጥቁርና ነጭ ነገር ሲያይ በጣቱ ገፋ አድርጎ ያልፋል። ይሄኛው ላይ ግን ቆመ። ‹እኚህ ሰውዬ ማናቸው?› አለኝ። እኔ የፈለግኩት ይቺን ብቻ ነው» አለ።

ለዚህ ማንም መልስ አልነበረውም። እትዬ እንኳ «እሱስ እውነትህን ነው» ብለው ሲኒያቸውን ለሁለተኛው አቀበሉ።

ክርክሩ እዚያ ያልቅ ነበር፤ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ባትኖር። ሲኒውን ተቀብላ ስልኩንም አብራ አንስታው ነበር። በሁለት ጣቷ ምስሉን እያሰፋች ብዙ ቆየች።

«ይቺ ልጅ ቅድም ጥርሷ ወልቆ አልነበረም?»

ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ልጁ ዋናውን ፎቶ ከፍቶ ጎን ለጎን አደረገው። እውነቷን ነው። ከፊት የተቀመጠች፣ ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ አፏን ከፍታ ትስቃለች። በጥቁርና ነጩ ላይ የላይኛዎቹ ሁለት ጥርሶቿ የሉም፤ ወላቃ ናት። ጣራ ላይ ወርውራቸው የመጣች ትመስላለች። ባለ ቀለሙ ላይ ግን ጥርሷ ሙሉ ነው። ነጭ፣ እኩል፣ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ላይ የሚታይ ዓይነት። ከዚያማ ሁላችንም መርማሪ ሆንን። የአባባ ተስፋዬ የግንባር መስመሮች ጠፍተዋል። ጥግ ላይ ያለው ልጅ ጠባሳው የለም። የልጆቹ ዓይን ሁሉ የአንድ እናት ልጆች አስመስሏቸዋል።

«ፊት የሚያጠራውንም አብሬ ነክቼዋለሁ መሰለኝ» አለ ባለ ፎቶ ቤቱ።

«ይቺ ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታ ይሆናል» አሉ እትዬ። «ይሄን ብታገኘው ራሷን ታውቀዋለች?»

ጋሼ ደግሞ ስልኩን ወደ ወንድማቸው ልጅ መለሱና «ብጉርና ጥርስ አንድ አይደለም» አሉት። ሌላ አልጨመሩም።

እኔ ያን ቀን ብዙም አልተናገርኩም፤ ስለዚህ ፍርዴን እዚህ ልስጥ። በቀለሙ ልጁን አልወቅሰውም። ሕፃን አስቁሞ «ማናቸው?» ካሰኘ ቀለሙ ሥራውን ሠርቷል። ከሥሩ «ቀለሙ በግምት የተቀባ ነው» ብሎ ይጻፍበት፣ ዋናውንም ከጎኑ ያድርግ፤ ይበቃል። ሰማያዊው ስህተት ቢሆን የሚጎዳው ማንም የለም። የቀሚሱን ፎቶ ደብቅ ባለው ወዳጄም አልስማማም፤ እትዬ ጨርሰውታል።

ፊቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ፎቶ ስናይ የምናየው አንድ ትልቅ ሰው ጥርሷ የወለቀ ልጅ እስክትረሳው ድረስ ሲያስቃት ነው። ጥርስ የወለቀ ልጅ ፎቶ ሲነሳ አፉን እንደሚሸፍን የማያውቅ አለ? ይቺ አልሸፈነችም። የአባባ ተስፋዬን ሙያ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ፎቶው ውስጥ የለም። አፑ የደፈነው ያንኑ ቦታ ነው። እኔ ብሆን ያኛውን አጥፍቼ፣ ፊት የሚያጠራውን ሳልነካ፣ ቀለሙን ብቻ እንደገና እቀባዋለሁ።

ስንነሳ ለልጁ ይሄንኑ ነገርኩት። «እሺ፣ ኮቱን ምን ላድርገው?» አለኝ።

ቡናማ ነዋ። በዓይኔ አይቼዋለሁ።