ቪዲዮውን ሁላችን አጋራን፤ ጥያቄውን ማን ጻፈ?

በብሪታንያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ያችን ሐሙስ ረስታችኋታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2021፣ ፓርላማው ለዕረፍት ሊበተን ሲል የብሬንት ሴንትራል እንደራሴ ዶን በትለር ተነሡ። ድሃው በሕይወቱ እየከፈለ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ምክር ቤቱን ደጋግመው ዋሽተዋል አሉ። ጊዜያዊ ምክትል አፈ ጉባኤዋ ጁዲት ከሚንስ ቃላቸውን እንዲያጤኑት ጠየቋቸው። በትለር ንቅንቅ አላሉም፤ የሚዋሸው እያለ ውሸቱን ያጋለጠ መቀጣቱ ይገርማል ብለው ደገሙት። ለዕለቱ ከአዳራሹ እንዲወጡ ታዘዙ፤ ወጡም።

በዚያ ቤት ንግግር ሁሉ ወደ አፈ ጉባኤው ነው፤ አባል አባልን «አንተ» አይልም። «ዋሽተሃል» የሚባለውም ራሱን ችሎ በቀረበ የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ነው። ደንቡ ከንቱ አይደለም፣ ያለ እሱ አዳራሹ የስድብ ገበያ ይሆናል። ግን ተናጋሪዋን በደቂቃ አስወጥቶ ተከሳሹን ሳይነካ ሲቀር እንዴት አንጀት አያሳርር!

እኛስ? ቪዲዮውን በቴሌግራም አዛወርን፣ «አበጀሽ!» አልን፣ ተኛን። ይህን የምጽፈውም ከተኙት አንዱ ነኝ።

የሚይዘው ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 እንደራሴ ካትሪን ዌስት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በኮሮና እገዳው ወቅት፣ ኖቬምበር 13 ቀን 2020፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት በዳውኒንግ ስትሪት ድግስ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ጆንሰን የለም አሉ፤ የሆነው ምንም ይሁን ምን ደንቡ ተጠብቋል ሲሉም አከሉ። ያ መልስ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ኮሚቴ ከመረመራቸው ቃሎች አንዱ ሆነ። በጁን 2023 ኮሚቴው ሆን ብለው ምክር ቤቱን አሳስተዋል አለ፤ ጆንሰን ቀድመው መቀመጫቸውን ባይለቁ ኖሮ የ90 ቀን እገዳ ይገባቸው እንደነበር ጻፈ፤ ምክር ቤቱም በ354 ለ7 ተቀበለው። ዌስት «ስለ ድግሶቹ ምን ይላሉ?» ብለው ቢሆን ስለ ክትባት ንግግር ሰምተው በተቀመጡ ነበር።

የረቡዕ እኩለ ቀኑ የጠቅላይ ሚኒስትር ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ነው፤ በዕጣ የሚወጣው 15 ስም ብቻ። የእናንተ እንደራሴ ለወራት ላይደርሳቸው ይችላል። እንደራሴው ለሚኒስትሮች ለሚያቀርቡት የጽሑፍ ጥያቄ ግን ዕጣ የለም፤ የመልሱን ቀን ቆርጠው በቀን እስከ 5 ማስገባት ይችላሉ። ስለዚህ ይጠይቁልን ብላችሁ ጻፉላቸው። አድራሻችሁንና ፖስት ኮዳችሁን አትርሱ፤ የምርጫ ክልላቸው ነዋሪ መሆናችሁ ካልታወቀ ደብዳቤው ወደ ጎን ይባላል። ዜግነት አያስፈልግም፣ ጥገኝነት ጠያቂም ይጽፋል። አስተያየት አትጠይቁ፤ «ጉዳዩ በክትትል ላይ ነው» ይሏችኋል። ቁጥር ጠይቁ፦ ከአንድ ዓመት በላይ ውሳኔ ያላገኙ የኢትዮጵያውያን የጥገኝነት ማመልከቻዎች ስንት ናቸው? «መረጃውን ማሰባሰብ ከመጠን ያለፈ ወጪ ያስከትላል» ከተባለ፣ ዘመኑን አጥብባችሁ መልሳችሁ ላኩት።

ስንቶቻችሁ እንደምታደርጉት እንጃ። ብቻ በሚመጣው ረቡዕ ቴሌቪዥኑን ከፍታችሁ ስትስቁ፣ ቢያንስ አንዳችሁ ማክሰኞ ማታ ያን ፖስት ኮድ ጽፋችሁ አድራችሁ ቢሆን።