ተደጋግመው ሞቱ ለተባሉት ለክቡር ነባር ሳንካ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፦

ዐፄ ፋሲለደስ መናገሻ ያደረጓት ከተማ ለባለ ሥልጣን እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ አትረሳምና፣ የእድራችን መዋጮና የቀብር ወጪ በሚመዘገብበት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው ፕሮግራም ውስጥ ለዓመታት ተደላድለው መኖርዎን እያደነቅን ከጎንደር ፒያሳ እጅ እንነሳለን። ሳንካ ማለት የፕሮግራም ስህተት ነውና፣ ግዛትዎ አንድ መስመር ኮድ ብቻ ነው። የወሩ ቁጥር ከ12 ከበለጠ ቀኑ ስህተት ነው ብለው ይፈርዳሉ። ጸሐፊያችን ጳጉሜን 3፣ ሰፈሩ በሩፋኤል ዝናብ ሲጠመቅ፣ የተከፈለ መዋጮ ላስገባ ስትል «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብለው ይመልሷታል። ለጳጉሜን ደመወዝ የማይከፍል አሠሪ ሁሉ ከጎንዎ ስለሚቆም ብቸኝነት እንዳይሰማዎ።

ችግሩ ሰው በጳጉሜንም መሞቱ ነው። ጸሐፊያችን መውጫ ስታጣ በእነዚያ ቀናት የሆነውን ሁሉ ነሐሴ 30 ብላ መመዝገብ ጀመረች፤ በእርስዎ ቸርነትም ነሐሴ 30 በሰፈራችን ከሌላው ቀን ሁሉ ይልቅ ሰው የሚሞትበት፣ ድንኳን የሚተከልበትና ውዝፍ መዋጮ የሚከፈልበት ቀን ሆኖ ተገኘ። ወደፊት መዝገቡን የሚያገላብጥ የታሪክ ተማሪ፣ በየዓመቱ በዚያች ዕለት ጎንደርን ምን ዓይነት መቅሠፍት ይጎበኛት እንደነበር ሲመራመር ከወዲሁ ይታየናል።

በፕሮግራሙ የስህተት ሪፖርት መዝገብ ላይ አቤቱታ አልቀረበብኝም እንዳይሉ። አንዱ «ጳጉሜንን አይቀበልም»፣ ሌላው «የነሐሴ ሒሳብ በዛ»፣ ሦስተኛው ደግሞ ያለ አንዳች ማብራሪያ «አስቸኳይ!» ብሎ አስመዝግቧል፤ አንድ የባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኛም ፕሮግራሙን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞክሮ «እኔ ጋ ይሠራል» ሲል በጨዋ ደንብ መለሰ። ውዝፍ ሪፖርት ሲከመር ሮቦት፣ ማለትም ሪፖርቶችን በራሱ የሚዘጋ ፕሮግራም፣ ተሾመ። ለዚህ ሥራ የተለመደው መሣሪያ፣ ልኩን ካልቀየሩለት፣ ለ60 ቀን ማንም ያልተነፈሰበትን ሪፖርት «የቆየ» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ተቆርቋሪ ካልመጣ ይዘጋዋል። በዓመት ከአምስትና ከስድስት ቀን በላይ የማይታዩት እርስዎ ደግሞ ለዚህ ሕግ የተፈጠሩ ነዎት፤ የሚቀጥለው ጳጉሜን እስኪመጣ ሁልጊዜም ዝም ያለ ሰው ብቻ ስለሚኖር፣ በየዓመቱ በሥርዓቱ ሞተው በየዓመቱ በሥርዓቱ ይነሳሉ። በእድራችን መሞቱ ሳይረጋገጥ ጥሩንባ አይነፋም። ሮቦቱ ግን ኮዱን ገልጦ አላየም፤ የቆጠረው ዝምታን ነው፣ በዚያም የፕሮጀክቱ ውዝፍ ቀነሰ ተብሎ ተጨበጨበ። (ሮቦቱን የሾሙትን ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ሰዎች አንኮንንም፤ «አስቸኳይ!» ብሎ የጠፋው ሰው ይኮነን።)

ዕድሜዎ ቢያኮራዎም ከወገንዎ መካከል የሚበልጡዎ አዛውንት ነበሩ። ባሽ በሚባለው የትእዛዝ መቀበያ ፕሮግራም ውስጥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 የገባውና ሼልሾክ የተሰኘው ሳንካ ይፋ የወጣው በ2014 ነው፤ ኮዱ በዚያ ሁሉ ዘመን ማንም እንዲያነበው ክፍት ነበር። ብዙ ዓይን ባለበት ሳንካ አይሰወርም የሚሉ ወገኖች ዓይን መኖሩን እንጂ ማየቱን ያጣሩ አይመስለንም። ቢሆንም እኚያ አዛውንት ተደብቀው ነው የኖሩት። እርስዎ በስምና በአድራሻ ተመዝግበው፣ ያውም በተደጋጋሚ፣ መኖርዎ የተለየ ክብር ያሰጥዎታል።

እንግዲህ የሰፈራችን ልጆች የተዘጉትን ሪፖርቶች አንድ በአንድ ከፍተው ማንበብ መጀመራቸውን ስንገልጽልዎ በታላቅ ሐዘን ነው። ስለ እርስዎ የሚናገሩትን በአንድ መዝገብ ሥር ሰብስበው፣ ስህተቱ በእጃቸው ባለው ኮምፒውተር ላይ እንዲታይ አደረጉ። ከዚያም የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚይዘው ጊት የተባለ ፕሮግራም «ባይሴክት» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ የሚሠራውንና የማይሠራውን ዕትም ሲነግሩት በመካከሉ ያለውን ታሪክ እየከፈለ ስለሚፈትሽ፣ 1,000 ለውጥ ቢኖር በ10 ያህል ሙከራ ጥፋተኛውን ያገኘዋል። በዚህ መንገድ የትውልድ ቀንዎ ታወቀ፤ ሰው ከፈረንጁ የቀን መፈተሻ ላይ ያችን መስመር ገልብጦ የለጠፈ ዕለት ነው የተወለዱት።

12ን በ13 ተክተው ይሄዳሉ ብለው ተስፋ አድርገው ከሆነ ተሳስተዋል። እንዲያ ቢደረግ ጳጉሜን 30 የሚባል ቀን ይወለድና አልጋዎን የሚወርስ ልጅ ያገኙ ነበር። በመሆኑም ለኮዱ ፈተና ተጽፏል፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ይለፍ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ይመለስ፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ደግሞ ገና ባይደርስም ይለፍ። በነሐሴ 30 የታጎሩትን ሙታን ወደየቀናቸው መመለስ ግን ለኮድ የሚተው ሥራ አይደለም። ጸሐፊያችን የእድሩን የወረቀት መዝገብ ይዛ፣ ሽማግሌዎቹን እየጠየቀች፣ በእጇ ታስተካክለዋለች፤ ለዚህ ድካሟም ምስጋናውን ለእርስዎ እናስተላልፋለን።

ማስተካከያው ተልኮ የፕሮጀክቱን ኃላፊዎች ምርመራ እየጠበቀ ነው። ፈተናውን አልፎ ከዋናው ኮድ ጋር ሲቀላቀል መዝገብዎ ይዘጋል፤ በዚህ ጊዜ መዝገቡን የሚዘጋው ሮቦት ሳይሆን ሰው ነው። የቀብርዎን ወጪ በተመለከተ ግን፣ ለእድራችን አንድም ቀን መዋጮ ከፍለው ስለማያውቁ፣ ድንኳንም ሆነ ወንበር እንደማናቀርብ በአክብሮት እናሳውቃለን።