ወረፋ ያለ አስታማሚ

የአክስቴ ልጅ ወረፋ ላይ ናት። አራተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ያደገችው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፤ አሁን የምትኖረው እንግሊዝ አገር። ወንድ ተብላ ተወልዳ፣ በሰማንያ ሳይሆን በአርባ ቀኗ ክርስትና ተነስታ፣ ከእኔ ጋር ጭቃ ስታቦካ ያደገች ናት። ሴት መሆኗን የነገረችኝ ከአገር ከወጣች በኋላ ነው። ፈረንጆቹ ትራንስጀንደር ይላሉ። በእኛ ቋንቋ ስድብ ያልሆነ ቃል ፈልጌ አላገኘሁለትም። ይህን ለመጻፍ ፈቃዷን ጠይቄያለሁ። ስሟን ግን አልጠራም። ለምን እንደሆነ አገሩን የሚያውቅ ያውቃል።

የምትጠብቀው ኦፕራሲዮን እንዳይመስላችሁ። መድኃኒትም አይደለም። ስፔሻሊስት ሐኪም ፊት ተቀምጣ «እስቲ ንገሪኝ» የምትባልበትን የመጀመሪያውን ቀጠሮ ነው።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው መጀመሪያ ሳቀ። «ፈረንጅ አገርም ወረፋ አለ እንዴ?» ቀጥሎ ኮስተር አለ። «መቆየቱ ጥሩ ነው። ምናልባት ሐሳቧን ትቀይራለች።»

የመጀመሪያውን ቶሎ ልጨርሰው። አዎ፣ አለ። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ደንብ፣ ወደ ስፔሻሊስት የተላከ ታካሚ በ18 ሳምንት ውስጥ ሕክምና መጀመር አለበት። ለትራንስጀንደር ሰዎች በሚሰጠው ሕክምና ግን ወረፋው የሚቆጠረው በዓመት ነው። ለረጅም ጊዜ ለአዋቂዎች የነበሩት ክሊኒኮች በመላው እንግሊዝ ሰባት ብቻ ነበሩ። ሐኪም ጥቂት፣ ጠያቂ ብዙ። አራት ሰዎች «ይህ ሕግ መጣስ ነው» ብለው ፍርድ ቤት ሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ተረቱ። እኔን ብዙ አልገረመኝም። የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ያየ ሰው በወረፋ አይገረምም።

ሁለተኛው ነው የከነከነኝ። «መቆየቱ ጥሩ ነው» የሚል ሰው ወረፋን ከምርመራ ጋር አምታቷል። ጥንቃቄ እኔም እወዳለሁ። ስለ ልጆች ሲሆን እንግሊዞቹ ራሳቸው ተከራክረው አልጨረሱም። እ.ኤ.አ. በ2024 ጉርምስናን የሚያዘገዩ መድኃኒቶችን ከ18 ዓመት በታች ላሉ አዲስ ታካሚዎች ከልክለዋል። የአክስቴ ልጅ ግን 31 ዓመቷ ነው። ከሐኪም ጋር እየተመካከሩ ቀስ ማለት አንድ ነገር ነው። እሷን ግን እስካሁን ያያት ስፔሻሊስት የለም። ሐሳቧን ብትቀይር እንኳ የምትነግረው ስፔሻሊስት የላትም።

አባቴ ለፕሮስቴት ኦፕራሲዮን አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለት 11 ወር ጠብቋል። ከነቱቦው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በሌሊት ተነስተን፣ ሸኖን አልፈን፣ ሰንዳፋን አልፈን እንደርሳለን። «አልጋ የለም፣ በሚቀጥለው ወር» ይሉናል። እንመለሳለን። ግን አባቴ ብቻውን የሄደበት ቀን የለም። ወንድሜ የሽንት ከረጢቱን ይዞ ከኋላው ነው። ጎረቤት በየቀኑ ይጠይቃል። የጽዋ ማኅበርተኞቹ መራመድ ሲያቅተው ተራውን ሳይጠብቁ ጽዋውን እኛ ቤት አመጡት። ያንን ወረፋ ሰፈሩ ሁሉ ነው የጠበቀው። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚወርድ ሕመምተኛም ያው ነው። ቆሎ ቋጥሮ የሚከተለው አስታማሚ አያጣም።

እሷ አስታማሚ የላትም። እዚያ ያሉት የአገር ልጆች ቢሰሙ «ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደብረ ብርሃን ይገባል» ትላለች። እውነቷን ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የምትጠብቂው? ብዬ ጠየቅኋት።

መጀመሪያ ያነሳችው ወረቀት ነው። ለዚህ ሁሉ ስሜት የምጠብቀው መልስ አልነበረም። ግን ገባኝ። ቤት ሁለት ጊዜ ቀይራለች። ሁለቱንም ጊዜ ለቤተሰብ ሐኪሟም ለክሊኒኩም አዲሱን አድራሻ ለየብቻ አስመዝግባለች። ደብዳቤ በድሮው አድራሻ ሄዶ መልስ ካልሰጠች ከዝርዝሩ ልትወጣ ትችላለች። በየሦስት ወሩ ትደውላለች። «አሁንም አለሁ?» ትላቸዋለች። «አለሽ» ይሏታል። የሪፈር ወረቀቷን ኮፒ በፕላስቲክ አድርጋ ይዛለች፤ የኮንዶሚኒየም ቆጣቢ ደብተሩን እንደሚይዝ።

ቀጥሎ ክሊኒክ መጠበቅ የማያስፈልጋቸውን ነገሮች ጀመረች። እንግሊዝ ውስጥ አዋቂ ሰው ምስክሮች ፊት አንድ ወረቀት ፈርሞ ስሙን መቀየር ይችላል። ፈረመች። ሲጋራ አቆመች። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የደም መርጋት አደጋ አለው፤ ሲጋራ ሲጨመርበት ይብሳል። የፊቷን ፀጉር በብርሃን ማስነሳት ጀመረች። ይህ ብዙ ዙር ይፈልጋል፤ ሆርሞን ጢምን አያጠፋም። የጎረነነ ድምፅም ሆርሞን አይመልሰውም። ልምምድ ነው የሚያስፈልገው። እና በምን እንደምትለማመድ ታውቃላችሁ? በዳዊት። ልጅ ሆነን የኔታ ጋ የደገምነውን መዝሙረ ዳዊት፣ ማታ ማታ በቀጭን ድምፅ ትደግማለች። አንድ ቀን በስልክ አሰማችኝ። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ «ዜማውን አበላሸሽው» አልኳት። ተሳሳቅን።

ሦስተኛው ዓመት ላይ አንድ ሌሊት ደወለች። ሆርሞን ከኢንተርኔት ልትገዛ ነው። ማን እንዳሸገው የማይታወቅ ክኒን። አልጮህኩባትም። እንዲያ ስጠብቅ ኖሬ አላውቅም፤ ምን ብዬ እጮሃለሁ? «ቢያንስ ሐኪምሽ ይወቅ» አልኳት። ነገረችው። እንዲህ ያለ ጊዜ አንዳንድ የቤተሰብ ሐኪሞች የስፔሻሊስት ምክር ይዘው ለጊዜው ያዛሉ። ብዙዎቹ አያዙም። የእሷው አላዘዘም። ግን ደሟን መመርመር ጀመረ፣ በየወሩም ያያታል። ክኒኑን እስካሁን አልገዛችም።

እኔ በየሳምንቱ የምደውልበት ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ብራይተን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ራሷን አጠፋች። የመጀመሪያ ቀጠሮዋን 1,023 ቀን ጠብቃ ነበር። አሟሟቷን ያጣሩት የሕግ ሹም፣ አገልግሎቱ በቂ ገንዘብም በቂ ሰውም እንደሌለው ተናገሩ። የአክስቴ ልጅ ይህን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። 1,023 ቀን ያለፋት ዕለት «ዛሬ አለፍኩት» ብላ ጻፈችልኝ። ሥራዬን ጥዬ ወጥቼ ደወልኩ።

ይህን ለአክስቴ አልነገርኳትም።

አክስቴ ጉዳዩን የሰማችው ካቻምና ነው። አለቀሰች። ጻድቃኔ ማርያም ወርዳ ሱባኤ ገባች። በጀሪካን ጠበል ይዛ መጥታ «በምን ይላክ?» አለችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ነገር ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር አውጥቶታል ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «ድርጅቱ ልጅ ወልዶ ያውቃል?» አለችኝ። መልስ የለኝም።

ለአንድ ዓመት ያህል አልተነጋገሩም። ለአክስቴ አንዱ ችግር ቋንቋው ነበር። በአማርኛ «በላህ» ወይ «በላሽ» ሳትል ልጅህን ምሳ መጠየቅ አትችልም። «አንተ» ብትላት ስልኩ ይዘጋል። «አንቺ» ለማለት ምላሷ አልታዘዝ አላት። ባለፈው ፋሲካ ግን ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና «እንደምን ዋሉ ልጄ?» አለች። የገዛ ልጇን አንቱ አለቻት! አንቱታ ወንድ ሴት አይለይም። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔ ዲግሪ ይዤ ያላሰብኩትን መውጫ አገኘች። ከዚያ ወዲህ ያው ነው። «ምሳ በሉ?» «ብርዱን እንዴት ቻሉት?» ወዲያ ማዶ ሳቅና ልቅሶ ይቀላቀላል።

ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ ደወልን።

«ወረፋው ደረሰዎት?» አለች አክስቴ።

«ገና ነው፣ እማዬ።»

«ስንት ሰው ይቀራል?» ልክ የሸማቾች ዘይት ሰልፍ ላይ እንደቆመች።

«አይነግሩንም።»

«እንግዲያው ይደውሉላቸው እንጂ! ዝም ካሉ ተራዎ ያልፍዎታል።»

ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ጀበናዋ ዞረች። «ፓኬጅ ግዛልኝ» አለች። «ከእንግዲህ እኔው ነኝ የምደውል።»