ሁለቱ ጽዶች አንድ ዓይነት እንክብካቤ አይሹም

ስለ ጽድ ዛፎች በወጣ አንድ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው የሐበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ ተመሳሳይ እንክብካቤ እንደሚሹ መግለጻቸው አላሳመነኝም። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጽድ ቶሎ ስለሚያድግ ለአጥር ይመረጣል፤ ይሁን እንጂ ላዩ አረንጓዴ የሆነው አጥር ቅርንጫፉ ገለጥ ተደርጎ ሲታይ ውስጡ ደረቅና ቡናማ ነው፤ መቀሱ ከአረንጓዴው ክፍል አልፎ ከገባ ያ ቦታ ዳግመኛ አያቆጠቁጥም። ስለዚህ አቆይቶ በአንድ ጊዜ ከመጨፍጨፍ ይልቅ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት መከርከም ይገባል። የሐበሻው ጽድ ግን አዝጋሚ በመሆኑ፣ ችግኙ በሣር እንዳይዋጥ መታረምን፣ ከብት እንዳይረግጠውም ለዓመታት መጠበቅን ይጠይቃል። እንጨቱን ምስጥ በቀላሉ ስለማይደፍረው ለአጥር ቋሚና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲፈለግ የኖረ ነው፤ ጽሑፉ ይህን ሳያነሣ ማለፉ ያስቆጫል። ዘር ለሚለቅሙም፣ ወንዴና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚገኙ፣ ሰማያዊ ፍሬ የያዘችውን ዛፍ መፈለግ ግድ ይላል።