ከስድቡ በፊት ስምንት ደቂቃ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ብትቀየሙኝም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

አንድ ክፉ ልማድ አለን። የሙዚቀኛ ስም ሲነሳ ሥራውን ከመስማታችን በፊት የመኝታ ቤቱን በር እናንኳኳለን። ሴት ከሆነች ደግሞ ይብሳል። አግብታለች? ፈታለች? ከማን ጋር ታየች? ማን ነው ከኋላዋ ያለው? ስለ ዜማዋ የሚጠይቅ ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይመጣም። አስናቀች ወርቁ በክራር ያን ሁሉ ዘመን ተጫውታ አልፋ፣ ዛሬም ስሟ ሲነሳ ጨዋታ የሚያደምቀው ከጣቶቿ ይልቅ የፍቅር ሕይወቷ ነው።

ይህን ልማዳችንን ለማሳየት የሩቅ ሰው መርጫለሁ። የቅርብ ሰው ብጠራ በአገር ልጅነት ትጣሉኛላችሁ። ፖሊን ኦሊቬሮስ ትባላለች። አሜሪካዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ1932 ሂዩስተን፣ ቴክሳስ ተወለደች፣ በ2016 በ84 ዓመቷ አረፈች (የእሷን ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን መንገድ ከጠረጉት አንዷ ናት። ፌሚኒስት ነበረች። ሌዝቢያን ነበረች፣ አልደበቀችውምም።

ይኸው፣ ግማሾቻችሁ እዚህ ላይ ማንበብ አቆማችሁ። ላቆሙት የምለው የለኝም፣ አይሰሙኝም። ለቀራችሁት ልቀጥል።

እናቷ የፒያኖ አስተማሪ ነበረች። ልጅቷን የማረካት ግን አኮርዲዮን ነው። ያን ጊዜ አኮርዲዮን የሠርግና የጭፈራ ቤት መሣሪያ ነው እንጂ ለትልቅ አዳራሽ የሚታሰብ አልነበረም። እሷ ግን እስክትሞት አልተለየችውም። የአኮርዲዮን አስተማሪዋ አንድ ነገር አሳያት። ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ጠንከር አድርገህ ስትይዝ፣ ጆሮህን ከሰጠህ ሦስተኛ ድምፅ ይሰማሃል። ማንም ያልተጫወተው፣ ከሁለቱ ልዩነት የሚወለድ ድምፅ ነው። አብዛኛው ተማሪ “አዎ፣ ገባኝ” ብሎ ያልፋል። እሷ ሁለቱን ትቼ ሦስተኛውን ብቻ ባገኘው ብላ ተመኘች።

ምኞቷ የተሳካው በኤሌክትሪክ ነው። በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከአቀናባሪዎቹ ከራሞን ሴንደርና ከሞርተን ሱቦትኒክ ጋር በከተማዋ የቴፕ ሙዚቃ ማዕከል ትሠራ ነበር። ለላቦራቶሪ መለኪያ የተሠሩ የድምፅ ማመንጫዎችን ወሰደች። የሰው ጆሮ ከሚሰማው በላይ አወጣቻቸው። ከሰው አቅም በላይ የሆኑት ሁለቱ ድምፆች አይሰሙም፤ ልዩነታቸው ግን ወደ ጆሯችን ክልል ይወርዳል። የልጅነት ሦስተኛ ድምፅዋ ብቻውን መጣ። ይህን በቴፕ መቅጃዎች አዘግይታ፣ ደጋግማ፣ እያነባበረች ዘረጋችው። ቴፕ በመቀስ እየቆረጡ ማጣበቅ በነበረበት ዘመን፣ እሷ ቁጭ ብላ እዚያው በቀጥታ ትጫወተው ነበር። ዛሬ ልጆቻችሁ በላፕቶፕ በአንድ ቁልፍ የሚያደርጉት ኢኮ፣ በእሷ ጊዜ ቴፑን ከአንድ ማሽን ወደ ሌላው መዘርጋት ይጠይቅ ነበር።

በ1965 እንዲሁ እየተጫወተች የጣሊያናዊውን አቀናባሪ የፑቺኒን “ማዳማ ባተርፍላይ” ኦፔራ ሸክላ ከማጫወቻው ላይ አስገባችበት። ኦፔራውን ታውቁት ይሆናል። አንዲት ጃፓናዊት ወጣት ጥሏት የሄደውን አሜሪካዊ መኮንን ስትጠብቅ ኖራ በመጨረሻ ራሷን ታጠፋለች። የኦሊቬሮስ ማሽኖች የዘፋኟን ድምፅ ይይዙታል፣ ይጎትቱታል፣ ያንን ሁሉ ልቅሶ ወደማይታወቅ ቦታ ይወስዱታል። ሥራውን “ባይ ባይ ባተርፍላይ” (ደህና ሁኚ ባተርፍላይ) አለችው። ለ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙዚቃ፣ በጨዋነት ስም ሴትን ለጨቆነው ለዚያ ዘመን ሥርዓትም ስንብት ነው ብላለች። ስምንት ደቂቃ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

በዓመቱ ማዕከሉ ወደ ሚልስ ኮሌጅ ሲዛወር የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ሆነች። ከዚያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲየጎ አስተማረች። እንግዲህ ይህች ሴት ናት በ1970 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ “ሴት አቀናባሪ አትበሏቸው” የሚል ጽሑፍ ያወጣችው። ነገሩ ቁጣ ነበር። ወንዱ አቀናባሪ ተብሎ ሲያልፍ፣ ሴቲቱ ለምን ቅጽል ታንጠለጥላለች? እኛም ጋ ያው ነው። “ለሴት ጎበዝ ናት” እንላለን። ለሴት ጎበዝ ማለት ምን ማለት ነው? ማሲንቆው ሴት ስትገዘግዘው ክሩ ይላላል?

ደግሞ ቀልደኛ ነበረች። በ1974 ከአርቲስት ኤሊሰን ኖውልስ ጋር የፖስታ ካርዶች አሳተመች። አንዱ ላይ “ቤቶቨን ሌዝቢያን ነበረች” የሚል ተጽፎበታል። ኦሊቬሮስ አትክልት ውስጥ ቁጭ ብላ ታነባለች፣ የቤቶቨን ሐውልት አጠገቧ ነው። የሚስቅ ሳቀ፣ የሚቆጣ ተቆጣ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ራሷን ያስተዋወቀችበት መንገድ ነው። በ1971 አንድ የሙዚቃ መጽሔት ላይ ስለ ራሷ ስትጽፍ፣ ባለ ሁለት እግር ሰው፣ ሴት፣ ሌዝቢያን፣ ሙዚቀኛ፣ አቀናባሪ፣ ሌላም ሌላም ነኝ አለች። ቀጥላ ከነማን ጋር እንደምትኖር ስትዘረዝር ዶሮ፣ ውሻ፣ ድመትና ጥንቸል ጨመረች። እናንተ ከዚህ ሁሉ ዝርዝር የትኛዋን አነሳችሁ? አውቃለሁ። አንዷን ብቻ። ሌላውን ሁሉ፣ ዶሮዎቹን ሳይቀር፣ ጣላችሁት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ሳልሸፋፍን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቲክቶክ የሰዎች ስምና ፎቶ እየተለጠፈ፣ እነዚህ እንዲህ ናቸው፣ ይደብደቡ፣ ይገደሉ ሲባል አይተናል። በአማርኛ ነው የተባለው። ስንቶቻችን ነን ሼር ያደረግነው? ስንቶቻችን ሳቅን? ከእነዚያ ፎቶዎች ኋላ እናት ያላት፣ የቤት ኪራይ የምትከፍል፣ ሰኞ ሥራ የምትገባ ሰው አለች። አንዳንዱ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለውን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 629 ይጠቅስልኛል። አንቀጹን አውቀዋለሁ። በእሱ ላይ የራሴ ክርክር አለኝ፣ ለሌላ ቀን ይሁን። ግን ስማኝ ወንድሜ፤ ሕጉ የተጻፈው ለዳኛ ነው፣ ለአንተ ስልክ አይደለም። ሃይማኖትም የምትጠቅሱ አላችሁ። የንስሐ አባታችሁ ወይም ኢማማችሁ የሰው ፎቶ ለጥፋችሁ ደም እንድትጠሩ ያዘዟችሁ መቼ ነው?

ያልሰማ ጆሮ ከጎረቤት ያጣላል ይላሉ አባቶች። እኛ ከጎረቤትም አልፈን ከማናውቀው ሰው ጋር ተጣልተናል።

ኦሊቬሮስ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ሠርታለች ብል አላጋነንኩም። በ1970 ለቫለሪ ሶላናስና ለማሪሊን ሞንሮ ያበረከተችው ሥራ አለ። ሶላናስ አንዲ ዋርሆልን በሽጉጥ ያቆሰለችው ጸሐፊ ናት፤ ሞንሮን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሥራው ላይ መሪ የለም። ተጫዋቾቹ ረጃጅም ድምፆች ይዘው ይቆያሉ። አንዱ ጎልቶ ከሌሎቹ በላይ ከወጣ፣ የቀሩት ማስቆም ወይም መስደብ የለባቸውም። ድምፃቸውን እሱ እስከደረሰበት ከፍ አድርገው ወደ መካከላቸው ይመልሱታል። ደንቡ ይኸው ነው። የዕድራችሁን ስብሰባ አስቡት። አንድ ሰው ማይክ ይይዛል፣ አርባ ደቂቃ ይናገራል፣ ሴቶቹ ወጥ ቤት ናቸው። ይህን ደንብ ለአንድ ወር እዚያ ብትሞክሩት ምን ይመጣ ይሆን?

ከዚያም ሴቶችን ብቻ ሰብስባ ቤቷ ውስጥ የድምፅ ልምምድ ታሠራ ነበር። ኖታ የለም። ማንም የሚያነበው አጭር መመሪያ ነው። አንዱ ሌሊት ውጣና ውስጥ እግርህ ጆሮ እስኪሆን ድምፅ ሳታሰማ ተራመድ ይላል። ሙዚቃ የተማረና ያልተማረ አይለይም።

በ1988 ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ፎርት ዎርደን የሚባል የድሮ የጦር ሠፈር ሄደች። መሬት ውስጥ አንድ ትልቅ ባዶ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በጠባብ ቀዳዳ በመሰላል ወረዱ፣ አኮርዲዮኗም አብሮ ወረደ። እዚያ ውስጥ አንድ ድምፅ ካወጣህ ሙሉ በሙሉ ለመጥፋት 45 ሰከንድ ይፈጃል። አስቡት። የተጫወትከው ስህተት ለ45 ሰከንድ ይከተልሃል። ስለዚህ ትንሽ ትጫወታለህ፣ ብዙ ታዳምጣለህ። የጓደኛህንና የራስህን ድምፅ መለየት ያቅትሃል። ከዚያ የወጣው ቅጂ “ዲፕ ሊስኒንግ” (ጥልቅ ማዳመጥ) ተባለ፤ ስሙም ቀሪ ዘመኗን ያስተማረችው ትምህርት መጠሪያ ሆነ። በስተርጅናዋም ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ጭንቅላታቸውን ትንሽ በማንቀሳቀስ ብቻ ሙዚቃ እንዲጫወቱ የሚያስችል የኮምፒውተር ፕሮግራም ከባልደረቦቿ ጋር አወጣች። ካሜራው እንቅስቃሴውን ያያል፣ ድምፅ ይወጣል። ሕይወቷን ሙሉ የሌላውን ድምፅ ስትፈልግ የኖረችን ሰው ነው እንግዲህ እናንተ በአንድ ቃል የምትዘጉት።

“የፈረንጅ ጉዳይ ነው፣ ምን አገባን” የምትሉም ትኖራላችሁ። እሺ፣ የራሳችንን ልንገራችሁ። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ፣ የዋልያስ ባንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ሆነው አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዘው አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያ ለዓመታት ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ነዱ፤ ተራ ሲጠብቁ መኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር። ስንቱ የአገር ልጅ ተሳፍሮ “ሂሳብ ስንት ነው?” ብሎ ወርዷል! ካሴቱን ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ ያገኘው አንድ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ጉድ አለ፣ እኛም ተከትለን አጨበጨብን። ካሴቱም ሰውየውም እኛው ጋ ነበሩ። በጋሽ ኃይሉ ላይ የምንለጥፈው ነውር አልነበረንም፤ ያጣነው ጆሮ ነው።

ስለዚህ አሁን የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። የስምንት ደቂቃውን ሥራ ፈልጉት፣ ኢንተርኔት ላይ አለ። ጥሩ ኢርፎን አድርጉ፤ በስልኩ ስፒከር የሚረባ ነገር አይሰማም። የመጀመሪያው ደቂቃ ያፏጫል፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ አስቀድሜ አስጠንቅቄያለሁ። ዘፋኟ እስክትገባ ታገሡ። ከዚያ ካልጣማችሁ፣ ፉጨቱ በዛ በሉ፣ ረዘመ በሉ፣ ይህ ሙዚቃ አይደለም በሉ። ደስ ብሎኝ እከራከራችኋለሁ፣ ቡናውንም እኔ እከፍላለሁ። ስለ አልጋዋ ልታወሩኝ ከመጣችሁ ግን ሌላ ጠረጴዛ ፈልጉ።