ቆይታው ስም እንጂ እንጀራ አይሆንም
የዮጋ መምህርቷ እዚህ ባወጣችው ጽሑፍ «በዋናነት የምታኖረኝ ሱሉልታ የማዘጋጃት የዮጋ ቆይታ ናት» ማለቷ አልተዋጠልኝም፤ ቆይታ የምትለው ሰዎች ተሰብስበው አብረው እያደሩ ዮጋ የሚሠሩበትን ነው። እዚያው አካባቢ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት እሠራለሁ፤ እንዲህ ያሉ ቡድኖች ይመጡልናል። ገንዘቡ ሲገባ ብዙ ይመስላል። የመኪናው፣ የክፍሉ፣ የምግቡ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲቀነስ የሚተርፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለት ሰው በመጨረሻ ሰዓት ከቀረማ አለቀ። ያወራኋቸው አስተማሪዎች የቤት ኪራይ የሚከፍሉት ከተማ ውስጥ በሚሰጡት ሳምንታዊ ትምህርት ነው። ቆይታው ስም ያወጣል፣ ለመምህርቷም ለምትጽፈው ወሬ ይሆናታል። ምግቡ እንኳ አያስቸግርም። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የማይነኩ እንግዶች ሲመጡ የረቡዕና የዓርብን የጾም ገበታ ማቅረብ ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የተልባ ፍትፍት። (ቅቤ ባልነካው ሽሮ እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም!) የሚያስቸግረው የአየሩ መሳሳት ነው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ያልፋል፤ ሯጮቻችንም የሚለማመዱበት ለዚሁ ነው። ከቆላ የመጣን ሰው ገና በመጀመሪያው ማለዳ ፈጣን አተነፋፈስ ሲያሠሩት ያዞረዋል። ከላይ በአስተያየትሽ «ማዞሩ መርዝ ሲወጣ ነው» ያልሽው እህቴ፣ አይደለም። አንዴ አብራ የመጣች ነርስ እንዳስረዳችን፣ ቶሎ ቶሎ ሲተነፈስ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ያንሳል። አንዷ ምንጣፏ ላይ ዘፍ ስትል ያደረግነው ቢኖር አስቀምጠን በእርጋታ እንድትተነፍስ መጠበቅ ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ቀን ቀስ ብሎ በእግር መንሸራሸር ይበቃል፤ ፈጣኑን ለማግስቱ ያቆዩት።