ሞርገንስተርን የሚባል ሰው ነበረ ወይ?

ባሕር ዳር ውስጥ መጽሐፍ እየተዋዋስን የምናነብ ወዳጆች ሰሞኑን ጎራ ለይተን ተከራከርን። የክርክሩ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው፦ ኤስ. ሞርገንስተርን የሚባል ደራሲ በእውነት ኖሮ ያውቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካዊው ዊሊያም ጎልድማን እ.ኤ.አ. በ1973 «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። መግቢያው ላይ ግን ታሪኩ የኔ አይደለም ይላል። የጻፈው ሞርገንስተርን የተባለ የፍሎሪን አገር ሰው ነው፤ በልጅነቴ ሳንባ ምች ይዞኝ ተኝቼ ሳለ አባቴ አነበበልኝ፤ ካደግሁ በኋላ ግን አባቴ አሰልቺውን ሁሉ እየዘለለ ያነብልኝ እንደነበር ደረስኩበት፤ እኔም የሚጥም የሚጥመውን መርጬ አቀረብኩላችሁ ይላል። መሃል መሃል ላይም እየገባ፣ እዚህ ጋ ሞርገንስተርን ስለ ሻንጣ አሸካከፍ ገጽ በገጽ ላይ ደራርቦ ነበር፣ ቆርጬ አወጣሁት ይለናል።

እንዲህ ሲተረክለት ማን አያምንም?

የኔ መልስ ግልጽ ነው። ሞርገንስተርን አልኖረም። ፍሎሪን የሚባል አገር ካርታ ላይ የለም። መግቢያው የጎልድማን ሚስት የሥነ አእምሮ ሐኪም ናት፣ አንድ ወንድ ልጅም አላቸው ይላል። ጎልድማን የነበሩት ግን ሁለት ሴቶች ልጆች ናቸው፤ ሚስቱም ሐኪም አልነበረችም። መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ የተቆረጠ አንድ ትዕይንት አለ፣ የፈለገ ለአሳታሚው ይጻፍ የሚል ቦታ አለ። አንባቢዎች ጻፉ። የደረሳቸው ትዕይንቱ ሳይሆን፣ ከሞርገንስተርን ወራሾች ጋር የሕግ ጣጣ ስለገጠመን መላክ አልቻልንም የሚል ደብዳቤ ነው። ጎልድማን በዚህም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1983 በዚያው በሞርገንስተርን ስም ሌላ መጽሐፍ አወጣ።

ከመካከላችን አንዱ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። «ተሸወድኩ» አለ። ስሜቱ ይገባኛል። እኛ ዘንድ የተጻፈ ነገር ክብር አለው፤ መቅድም ላይ ውሸት ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ግን አልተሸወደም። ያ መግቢያ የልብ ወለዱ አንድ ክፍል ነው። ሞርገንስተርንም፣ የታመመው ልጅም፣ እየዘለለ የሚያነበው አባትም እንደ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት የተፈጠሩ ናቸው። እንዲያውም ከሁሉ የበለጠ የተዋጣለት ፈጠራው ሞርገንስተርን ነው፤ አንድም ቀን ብቅ ሳይል መጽሐፉን ሁሉ ሞልቶታል።

የጎጃም አንባቢ ለዚህ እንግዳ መሆን የለበትም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ታሪኩን ያቆሙት በምናውቀው መሬት ላይ ነው። ማንኩሳ አለ። ዲማ ጊዮርጊስም አለ። በዛብህና ሰብለ ወንጌልስ? ዲማ ሲደርስ ቤታቸው የት ነበር ብሎ መጠየቅ የሚያምረው ሰው ብዙ ነው። ያ ቤት ሲታጣ ግን ሐዲስ ዋሹኝ ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላኛው ጎራ ነው። «ማንም ይጻፈው፣ ምን አገባን? ዋናው ሐሳቡ ነው» የሚሉት ማለቴ ነው። ሲሰሙት የሠለጠነ አነጋገር ይመስላል። እኔ ግን በፍጹም አልቀበለውም።

ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዲማ ቅኔ የተማረ ሰው እንዲህ አይልም። ተማሪው ቀን ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ የራሱን ማምጣት አለበት። የሰው ይዞ ከመጣ የኔታ ያውቁበታል። የግሡ አገባብ፣ የምስጢሩ አካሄድ ያሳብቅበታል። እዚያ ቤት «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የዕለት ሥራ ነው።

ይህ ጥያቄ የሚያስፈልገን ደግሞ ለጎልድማን ብቻ አይደለም። «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተባለ በግእዝ የተጻፈ የፍልስፍና ድርሰት አለ። ጽሑፉ ደራሲው አክሱም አካባቢ የተወለደ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ተሰድዶ ዋሻ ውስጥ የተቀመጠ ሊቅ ነው ይለናል። ቅጂውን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለፈረንሣዊው ተመራማሪ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ፣ የጻፈው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው ብለው ተነሡ። ካናዳዊው የፍልስፍና መምህር ክላውድ ሰምነር ደግሞ ብዙ ዓመት ደክመው፣ የለም፣ ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

እዚህ ላይ «ማንም ይጻፈው» ማለት አይቻልም። ሞርገንስተርን ባይኖር የጎደለብን የለም፤ ጎልድማን ይበልጥ ይደነቃል እንጂ። ዘርዓ ያዕቆብ ባይኖር ግን ከታሪካችን አንድ ሰው ይወጣል፤ ስለ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የተጻፈው ብዙ ነገርም እንደገና ይታያል። ኖሮ ሳለ አልኖረም ከተባለ ደግሞ ሥራውን ለባዕድ አሳልፈን ሰጠን ማለት ነው።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። በዚህ ክርክር ድምፃቸው ጎልቶ የሚሰማው የዩኒቨርሲቲ ምሁራን ናቸው፤ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች። ዘርዓ ያዕቆብ ግን ቅኔ ተምሬአለሁ ይላል። ይህን ቃሉን መፈተን የሚችሉ መምህራን እዚሁ ጎጃም ጉባኤ ዘርግተው እያስተማሩ ነው። የግእዙ ጽሑፍ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ይቅረብላቸው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው እንዲህ ይጽፋል ወይ? የትኛው ግሥ፣ የትኛው አገባብ ከሌላ ቋንቋ የተቀዳ ይመስላል? የሚሉትም በስማቸው ይመዝገብ፤ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙም አለመስማማታቸው ይጻፍ።